ልብሷን ያልቀደደችው እህቴ

«ወላሂ ውሸት ነው! እብድማ ያውልሽ!»

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቁርስ ቤት ነን። አጠገባችን የተቀመጡ እናት ጣታቸውን የቀሰሩት ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ኮሜዲ ተከፍቷል፤ ቡትቶ የለበሰ «እብድ» ድንጋይ ይወረውራል፣ ቤቱ በሳቅ ያውካካል።

እህቴን ለአእምሮ ሕመሟ ሐኪም ላሳያት ከኮምቦልቻ ይዣት መምጣቴን ገና ለእሳቸው መንገሬ ነበር።

ሴትዮዋ የእህቴን ንጹህ ሻሽ አዩ፣ ጫማዋን አዩ፣ ልትውጠው ጠረጴዛው ላይ ያወጣችውን ኪኒን አዩ። «አንቺ ደህና ነሽ ልጄ፤ ኪኒኑን ተይው» ብለው መረቋት።

(ኮሜዲያኖቻችን ሕክምና መጀመራቸውን አልሰማሁም ነበር።)

እህቴ እጃቸውን ሳመች። ከዚያ ሆስፒታል አልገባም አለች። ብለምናት፣ ባለቅስ፣ ወይ ፍንክች!

ይኼን የምጽፈው ወደ ኮምቦልቻ በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ኪኒኗን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትታው መጥታለች።

እስኪ ንገሩኝ፤ እናንተስ ጋ ሰው መታመሙን የሚያምኑለት ልብሱን ሲቀድ ነው?