እርሳስ ያልነካው ፊቴ

ደሴ ፒያሳ ያለው ፎቶ አንሺ ብጉሬን በእርሳስ ያጠፋው እኔ ሳልጠይቀው ነው። ያን ጊዜ ፎቶ ከመታተሙ በፊት ኔጋቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ ጠባሳና ጉድፍ መድፈን የተለመደ ነበር። እኔ አላውቅም። ፎቶውን ስቀበል ግንባሬም ጉንጬም ልስልስ ብሎ ሳየው ደስ አለኝ እንጂ፣ ይሄ ውሸት ነው አላልኩም። እናቴ ደግሞ አገላብጣ አየችውና "አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ እኮ ቆንጆ ናት" አለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ያልኖርኩ ይመስል።

ፎቶው የሚሄደው አሰብ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ከኮምቦልቻ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። እዚያ ወደቡ ላይ መካኒክ የሆነ የደሴ ልጅ ያውቃል፤ ሥራው ከውትድርና ያስቀረው፣ ጸባዩ የታረመ፣ ሰላቱን የማያዛባ። ወንዱ ሁሉ ለጦር ሜዳ በሚታፈስበት ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? የእሱም ፎቶ መጣልን። የተከፈተ ሞተር አጠገብ ቆሞ፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ እንደተለቀለቀ ነው የተነሳው። ለፎቶ ብሎ አልተቆነጃጀም። ወላሂ ያን ጊዜውኑ ወደድኩት። አጎቴ የእኔን ፎቶ ወስዶ ሰጠውና ተመልሶ "ለኢድ ሊያያት ይመጣል" አለን።

ለኢድ የቀረው ሁለት ወር ነው፤ ብጉሬ ደግሞ ከግንባሬ እስከ አገጬ ቦታ አልተረፈውም። መስታወት ፊት ቆሜ "ፎቶዋን እሆናታለሁ፣ አለቀ" አልኩ። እልኸኛ ነኝ፤ አንዴ ከያዝኩ አልለቅም።

በጠዋት ምራቅ ጀመርኩ። ከእንቅልፍ እንደነቃሁ፣ ለማንም ቃል ሳልተነፍስ፣ ምራቄን ብጉሩ ላይ እቀባለሁ። ከተናገርሽ አይሠራም አሉኝ። እናቴ "ተነሽ" ስትለኝ በእጄ ምልክት ብቻ ስመልስላት "ደግሞ ዲዳ ሆንሽልኝ?" እያለች ትስቃለች። ከዚያ አብሽ ለቅልቄ አደርኩ። ከዚያ ጎረቤታችን ከገራዶ እሬት አስመጣችልኝ። ሳሙና በቀበሌው ሱቅ በኩፖን ነበር የሚታደለው፤ የቤቱን ድርሻ ለፊቴ ጨረስኩትና የቤተሰቡ ልብስ በእንዶድ ታጠበ። እርድ በማር ለውሼ የተቀባሁ ዕለትማ ቢጫው አልለቅ ብሎኝ እንዲሁ ሥራ ገባሁ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ነበር የምሠራው። ጓደኞቼ "የወፍ በሽታ ይዟታል" ብለው ምሳ አብረውኝ አልበላ አሉ። ይሽሹ! አልተውኩም።

ረመዳን ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ብጉሩ እንዳለ ነው። አንዷ የሥራ ጓደኛዬ ሎሚ አለችኝ። ሎሚውን ለሁለት ከፍዬ፣ ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት፣ ፊቴን አሸሁት። እናቴ ከኋላዬ "ወደ አፍሽ እንዳታስጠጊው፣ ጾምሽን ታፈርሺዋለሽ" አለችኝ፤ እኔም ከንፈሬን ዙሪያውን ተውኩት። አውቶቡሱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ስንደርስ ፀሐይዋ ከርራለች። በዕረፍት ሰዓት ሌላው ምሳ ሲበላ እኔ ጿሚዋ ደጅ ቁጭ አልኩ፤ ፀሐይ ያደርቀዋል ብዬ! ማታ ቤት ስገባ ጉንጬ እሳት ሆኗል። በነጋታው ውኃ ቋጠረ፣ ከዚያ ጠቁሮ ይላጥ ጀመር። ደህና የቀረው አፌ ዙሪያ ብቻ ነው። መስታወቱን ሳየው ራሴው ደነገጥኩ።

እናቴ ቅቤ እየቀባችኝ መላ አወጣች። "ሻርፕሽን እስከ ዓይንሽ ታወርጃለሽ። ቀና አትበይ፤ ለሴት ልጅ ያምርባታል። ኒካሁ ይታሰር እንጂ የፊቱ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።"

"ተሸፍኜ አልገባም" አልኳት። "ያላያትን ሴት አይወስድም።"

"እሱ ቢቀር ሌላ ያለ መስሎሻል? ወንዱ አልቆ?"

"ይቅራ!"

እንደዚያ እንዳልኩ ፒያሳ ሄድኩ። ፎቶ አንሺው ሲያየኝ አዘነ። "ሲድን ትመጫለሽ" አለኝ። "እንዳለሁ ያንሱኝ፤ እርሳስ እንዳይነካው" አልኩት። ሥራውን የሰደብኩበት መስሎት አኮረፈ። "ሰው እኮ እኔ ጋ የሚመጣው ሊያምር ነው" አለ። እኔም ካላነሱኝ አልወጣም ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አነሳኝ። ፎቶው ሲደርስ ቁጭ እኔን ነው፦ ብጉሩ፣ ልጣጩ፣ አፌ ዙሪያ የተረፈችው ቀለበት ሳይቀር። ፖስታ ውስጥ ከትቼ አሸግኩት። አጎቴ በማግስቱ ወደ አሰብ የሚነሳው እኔ ሥራ ከገባሁ በኋላ ነበር። እናቴ "ሂጂ፣ እኔ እሰጠዋለሁ" ብላ ተቀበለችኝ።

አጎቴ በሳምንቱ ተመለሰ። "እመጣለሁ ብሏል፣ ቃሉ ቃል ነው" አለን። አይቶኝም ይመጣል! ደስታዬን የት ላድርሰው። እርዱንም አብሹንም ጥዬ ፊቴን በንጹሕ ውኃ ብቻ መታጠብ ጀመርኩ።

በኢድ ማግስት ከአጎቴ ጋር መጣ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ሻርፔን ወደ ኋላ መልሼ፣ ብርዝ በትሪ ይዤ ገባሁ። ቀና ብሎ አየኝና ብርጭቆውን ሊቀበል የዘረጋው እጁ ባለበት ቀረ። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ሁለተኛውን ፎቶ አይተውታል አይደል?" አልኩት።

"የቱን? የደረሰኝ አንድ ነው" አለ።

እናቴን አየኋት። የነጠላዋን ጫፍ ትፈትላለች፣ ቀና አትልም። ያን ጊዜ ገባኝ። እፍረቱ ከእግሬ እስከ ራሴ ወረረኝ፤ ንዴቱ ደግሞ ከእፍረቱ ባሰ። እግሬ ወደ ጓዳ ሩጪ ይለኛል። ሞቼ ነው የምሮጠው! ትሪውን አስቀመጥኩና በመስኮቱ በኩል፣ ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

"እንግዲያው አሁን ይዩኝ" አልኩት። "ያኛው በእርሳስ የተሠራ ነው። የኔ ይሄ ነው። ላሳምር ብዬ በሎሚ አቃጠልኩት። ካልፈለጉ ብርዝዎን ጠጥተው በሰላም ይሂዱ፤ አልቀየምም።" ዋሸሁ፤ እቀየም ነበር።

ሰውዬው ጠጋ ብሎ ጉንጬን አየ።

"ያምሻል?" አለኝ ቀስ ብሎ።

በእነዚያ ሁለት ወራት ፊቴን አይቶ መድኃኒት ያላዘዘልኝ ሰው አልነበረም። ይህን ግን እናቴም፣ እኔ ራሴም፣ አልጠየቅንም። "በጣም ያመኛል" አልኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ያልመጣው እንባዬ መጣ፤ ጉንጬ ላይ ሲወርድ ይለበልበኝ ነበር።