«ደህና ነን» ያልንበት ኮረብታ

የኮረብታው ስም ካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ነበር። እኛ «ራሰ በራው» አልነው፤ መከለያ የሚሆን አንድ ዛፍ እንኳ አልነበረውም። ትእዛዛችን አጭር ነው፤ ያዙት፣ አትልቀቁት።

እናንተ የጭሮ ልጆች ስለ ጦርነት ስትጠይቁኝ ጀግንነት እንዳወራላችሁ ነው የምትፈልጉት። የለኝም። ያለኝ የጀማል ነገር ነው።

ጀማል የመቶ ጦራችን ሬዲዮ ያዥ ነበር፤ የገለምሶ ነጋዴ ልጅ። ሰላምታው አያልቅም። ምሽግ ውስጥ እንኳ የእናትህን፣ የእህትህን፣ የከብቱን ደህንነት ሳይጠይቅ አይቀመጥም። «አንተ ሰውዬ፣ ጥይቱንም ሰላም ልትለው ነው?» እያልን እንስቅበት ነበር።

ንጋት ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከፊት መጡ። ከግራም መጡ። ረፋዱ ላይ ሁለት ሰው ሞቶብናል፣ ጥይታችን ተመናምኗል፣ የመቶ አዛዣችን ቆስሎ መናገር አቅቶታል። የዚያን ጊዜ የሻምበሉ አዛዥ በሬዲዮ ገቡ። እንደ አባት የምናያቸው ትልቅ ሰው ናቸው። በእጃቸው የቀረው አንድ ተጠባባቂ ጓድ፣ አሥር ያህል ሰው ብቻ ነው፤ ወይ ለእኛ፣ ወይ ለጎረቤት ኮረብታ።

«ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። እርስዎስ ደህና ነዎት?» አለ ጀማል።

«ጎረቤቶቻችሁ ጠንቶባቸዋል። እናንተ ትችሉታላችሁ?»

«ኢንሻአላህ፣ እንችላለን።»

ጓዱ ወደ ጎረቤት ኮረብታ ሄደ።

አትፍረዱበት! እኔ ጴንጤው ሬዲዮውን ብይዝ «ጌታ ይመስገን» ነበር የምለው። ታላቅ ሰው ደህንነትህን ሲጠይቅህ ጉድህን አትዘረግፍበትም። ያደግነው እንዲህ ነው።

ቀትር ላይ አራት ሰው ወደቀብን። ጀማል የወደቁትን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ሬዲዮውን አነሳ። ሰላምታ የለም።

«ስድስት ሰው ሞቶብናል። ጥይት አልቋል። በግራ በኩል ገብተውብናል። አሁን ካልደረሳችሁልን ኮረብታው ተያዘ።»

እንደዚያ ጥርት ያለ ነገር ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ያ ጓድ ከጎረቤት ኮረብታ ዞሮ መጣልን፤ ኮረብታውም ተረፈ። ሲደርሱ ግን ጀማል ሬዲዮው ላይ ተደፍቶ ነበር።

የሞቱብን ዘጠኝ ናቸው። ሁለቱ «ደህና ነን» ከመባሉ በፊት፣ ሰባቱ ከዚያ በኋላ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ከግንባር ስመለስ ከጭሮ በሚኒባስ ገለምሶ፣ ጀማል ቤት ሄድኩ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደጃፍ ላይ ያዙኝ። «እኛ እናቱን ‹ቆስሏል› ብለናታል። መርዶ በአንዴ አይነገርም። አንተም እንደዚያው በላት» አሉኝ።

እናቱ ውሃ አቀረቡልኝ። ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፤ ቁርጥ ጀማልን።

«ጀማልስ? ደህና ነው?»

«ደህና ነው» የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሞቷል፣ እናቴ። የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

አብረውኝ የገቡት ሽማግሌዎች አጉረመረሙ። እሳቸው «ኢና ሊላሂ» አሉ። ከዚያ ወደ ደጁ ተመለከቱ።

«ዛሬ ይመጣል እያልኩ፣ እስከዛሬ ማታ ማታ በሬን ቆልፌ አላውቅም» አሉ። «ተባረክ ልጄ። በሉ፣ በሩን ዝጉልኝና ልጄን ላልቅሰው።»