ቱቦው ያለቀበት ደጅ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ነው። የሰፈሩ ሰው ረስቶታል። እኔ ግን ዛሬም ሰማዩ ሲጠቁር ልቤ ድንግጥ ይላል። ንዴቱም አልበርድልኝ አለ።

ባለቤቴ ሸማኔ ነው። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ አስፋልት ወደ ታች፣ መኪና በማይገባበት ቅያስ ውስጥ ነው። ሽመናውም እዚያው ቤታችን ነበር፤ ወለሉ ላይ በቆፈረው ጉድጓድ እግሩን ሰድዶ ሲሠራ ይውላል።

ድሮም ጎርፍ ነበረብን። ግን ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሁላችንም ጋ ትንሽ ትንሽ ገብቶ ያልፍ ነበር። በኋላ ኮሚቴ ተቋቋመና ለጎርፍ መውረጃ ቱቦ አዋጡ ተባልን። ከላይኛው ሰፈር ባለ ፎቆች እኩል አዋጣን። ቁፋሮው ከላይ ተጀመረ፤ ቪላዎቹ ፊት ለፊት ቱቦው ተቀብሮ፣ ንጣፍ ተነጥፎበት፣ ሪባን ተቆረጠ። እኔም እልል ብያለሁ፤ ምኑን አውቄ! እኛ ጋ ሲደርስ ብሩ አለቀ ተባለ። ቱቦው አፉን እንደከፈተ ከደጃችን በላይ ቀረ።

የዚያን ዕለት ባለቤቴ ለእትዬ ዘውዴ ልጅ የሠርግ ቀሚስ እየሠራ ነበር። እትዬ ዘውዴ የላይኛው ሰፈር ሰው፣ የቆዩ ደንበኛችን ናቸው። ሠርጉ ለመስከረም ነው፤ ሥራው ጥለቱ ላይ ደርሷል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ።

“ብርቄ፣ እግሬን ቀዘቀዘኝ” አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ሳይ ጉድጓዱ ውሃ ይዟል። በሩን ከፈት ባደርግ የላይኛው ሰፈር ውሃ ሁሉ በዚያ ቱቦ ተሰብስቦ እኛ ላይ ይወርዳል። ወዲያው ቤቱ ሞላ። ባለቤቴ ሸማውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ አልወጣም አለ።

“ተወው፣ ነፍስህን አድን!”

“የሰው አደራ ነው!”

ጎረቤት ደርሶልን ጎትተን አወጣነው። ድሩ ተበጣጠሰ፣ ሸማው የሽንት ቤት ፍሳሽ የተቀላቀለበት ጭቃ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ እትዬ ዘውዴ መጡ። በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ከንፈራቸውን መጠጡ።

“እኛስ ዘንድሮ ተገላገልን፤ ግቢያችን ጠብታ አልገባም፣ ተመስገን” አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ “ምነው ብርቄ፣ እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ቦታ የሰው ዕቃ ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ?”

ባለቤቴ አቀረቀረ። እኔ ግን አልቻልኩም።

“እትዬ፣ የልጅዎን ቀሚስ ያበላሸው የእርስዎ ግቢ ውሃ እኮ ነው።”

ባለጌ ብለውኝ ሄዱ። ቀሚሱን ሌላ ጋ አሠሩ። ወሬው ተዛመተና ሌሎቹም ደንበኞች ቀሩ። ባለቤቴ ጉድጓዱን በገዛ እጁ በአፈር ደፈነው። ዛሬ ዊንጌት አካባቢ የሰው ግቢ ይጠብቃል።

በቀደም ኮሚቴው ለሁለተኛው ዙር መዋጮ መጣ። ቱቦው ሊቀጥልልን ነው ብዬ ደስ አለኝ። ብሩን ይዤ ስወጣ፣

“ከኛ ደጅ ነው አይደል የምትጀምሩት?” አልኩ።

“የእናንተ ሦስተኛው ዙር ነው” አለኝ ሰብሳቢው። “አሁን ተራው ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሰፈር ነው።”

“የነሱ ውሃስ የት ይሄዳል?”

“ካለው ቱቦ ጋር ይገጠማል።”

ብሩን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ልማት የምትጠላ ሴት እየተባልኩ ነው አሉ። ይበሉኝ። እኔ ያዋጣሁበትን ጎርፍ አንዴ ጠጥቼዋለሁ፤ ሁለተኛ ከፍዬ አላስመጣውም።