ስለ እኔ የገባው ጥላ

ዛሬ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ባለችው ማርያም ቤተ ክርስቲያናችን እናቴ ስለ እኔ የተሳለችውን ጥላ አስገባች። ሰዉ እልል ሲል እኔ መሬት መሬቱን አይ ነበር።

ለማታውቁ፣ ላንጋኖ ላይ የውሃ ስኪ እለማመዳለሁ። ጀልባ በገመድ እየጎተተኝ በአንድ ሰሌዳ ላይ ቆሜ፣ ግራ ቀኝ እየታጠፍኩ ስድስት ተንሳፋፊ ኳሶችን መዞር ነው። (መንዜን ውሃ ላይ ምን አወጣው የምትሉኝን ሰምቻችኋለሁ።)

ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ኳስ አላልፍም ነበር። ገመዱን በክንዴ መሳብ ትቼ ወገቤን ወደ እጀታው ማስጠጋት ስጀምር አራተኛው ደረስኩ። አምስተኛው ላይ ግን የጀልባችን ማዕበል አንስቶ አፈረጠኝ፤ የጎን አጥንቴ ተሰነጠቀ፤ አሁን ግን ድኗል።

ጀልባችን የዓሣ ማጥመጃ ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለተንጠለጠለ ትልቅ ማዕበል ይተዋል። ለስኪ የሚመረጠው ሞተሩ መሃሉ ላይ ያለ፣ ውሃውን ብዙ የማይረብሽ ነው። ጓደኞቼ እንዲህ ያለ አግኝተው ሰኞ ልንሞክረው ተቀጣጥረናል።

እናቴ ለካ "ማርያም ልጄን ከዚያ ውሃ ካወጣሽልኝ" ብላ ተስላ ነበር። ላገግም ቤት ስመጣ ስለቷ የሰመረ መሰላት። ሐይቅ አይታ አታውቅም፤ የምታውቀው ክረምት ሞልቶ ሰው የሚወስደውን ወንዝ ነው።

ስንመለስ መንገድ ላይ "እማ፣ አዲሱ ጀልባ እኮ ማዕበል የለውም" አልኳት።

ነጠላዋን አስተካክላ፣ "ልጄ፣ ጥላው እኮ ገብቷል" አለችኝ።

እናታችሁ ስለ እናንተ ተስላ የምትወዱትን ነገር ያስተወቻችሁ ካላችሁ፣ ምን አደረጋችሁ? ሰኞ ሳይደርስ ንገሩኝ።