ከአንሙት ሠርግ የተረፈው ድምፅ

የደብረ ማርቆስን ሙሽሮች ግማሹን የቀረጸው ባለቤቴ ምስጋናው ነው ብል ብዙም አላጋነንኩ። ሰው ካሜራ ይዞ ሲሮጥ ስለሚያየው ሥራው ይኸው ብቻ ይመስለዋል። ካሜራ ከሚይዝበት ጊዜ ይልቅ ኮምፒውተር ፊት ተጎልቶ የሚቆዝምበት እንደሚበልጥ የማውቀው እኔ ነኝ። ቪዲዮ ቤቱ የቤታችን የፊት ክፍል ነውና ሲቆዝም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም።

የባሰበት ጥቁሩን መስኮት ከለመደ ወዲህ ነው። ፊልም የሚያቀናብርበት ፕሮግራም በቫይረስ ተበላሸበትና ከኢንተርኔት ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አወረደ። ይኼኛው የሚጫኑት ምልክትም ሆነ ሥዕል የለውም። ጥቁር መስኮት ይከፈታል፣ ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ ሳያንገራግር ይፈጽማል። ምስጋናው ልቡ ጠፋ። «አንድ መስመር ጽፌ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ፎልደሩ ሙሉ ተቀይሮ ይጠብቀኛል» እያለ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳያል። እንግዳው ምንም ሳይገባው ራሱን ይነቀንቃል። እኔ «በዚህ ቤት ለኔም እንዲህ የሚታዘዝ ቢገኝ» ስል አይስቅም።

አምና ዲስኮቹ ሞሉ። የድሮ ሠርጎች ከካሜራው እንደወጡ ተቀምጠው ስለነበር ቦታውን በልተውታል። ምስጋናው ሁሉንም አነስ ወዳለ ዓይነት የሚቀይር ትእዛዝ ጻፈ፤ መሐል ላይ ድምፁን እንዲጥል የምታዝ ቃልም ጨመረ። የእኛ አገር የሠርግ ፊልም ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ነው። ሙሽራው ምን አለ፣ አማቱ ምን መለሰች ብሎ የጠየቀው ደንበኛ ኖሮ አያውቅም። በኋላ ሲያሰላው ግን ድምፁ የያዘው ቦታ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ አልነበረም።

መጠባበቂያ ነበረው፤ ሁለተኛ ዲስክ። ችግሩ ያ ዲስክ ዋናውን ቁርጥ እንዲመስል መታዘዙ ነው። ቦታ እንዲለቁ የቀድሞዎቹ ፋይሎች ከዋናው ላይ ሲሰረዙ ከመጠባበቂያውም ተሰረዙ። ታዛዥነት ብሎ የሚኮራበት ነገር ያመጣው ይህንን ነው።

እማማ ታየች የመጡት በሰኔ ነው፣ ከሮብ ገበያ ከተማ፣ ጥቁር ለብሰው። ከነጠላቸው ጫፍ ፍላሽ ፈተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ውስጡ የልጃቸው የአንሙት የሠርግ ፊልም ነበር፤ የቀረጸውም ያቀናበረውም ምስጋናው ነው። አንሙት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከደምበጫ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ ስልኩም አብሮት ደቀቀ።

«አየዋለሁ» አሉ እማማ ታየች። «አፉ ይንቀሳቀሳል። የሚሰማኝ ግን ዘፈን ነው። ዘፈኑን አንሳልኝና ድምፁን አሰማኝ፣ ልጄ። መልኩ ግድግዳዬ ላይ አለ። ድምፁ ነው ከጆሮዬ እየጠፋብኝ ያለው።»

«እሺ፣ እፈልጋለሁ። በሳምንቱ ይምጡ» አላቸው።

እንደሌለ እያወቀ ነው እሺ ያላቸው። ፊቱን አይቼ ገባኝ። ከበር እንደወጡ «አጥፍቼዋለሁ» አለኝ፤ እንዴት እንደጠፋም ያን ጊዜ ነገረኝ። ልዋሽ አልችልም፣ አላዘንኩለትም። ተናደድኩ። የሰው ድምፅ ዝም ብሎ የሚጣል ነገር ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። የሌሎቹም ሠርጎች ድምፅ እንደዚሁ ሄዷል፤ ጥቁር የለበሰ ሰው ወደ በራችን ሲጠጋ አሁንም ይደነግጣል።

ሳምንቱን እህል አልበላ አለኝ። መብራት በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩን ከፍቶ የተሰረዘ ይመልሳል የተባለውን ሁሉ ሞከረ። በቦታው ሌላ ተጽፎበታልና አልሆነም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ዴስክቶፑን ሲያጸዳ «ሙከራ» የሚል ፎልደር አየ። ትእዛዙ መሥራቱን ለማረጋገጥ አስቀድሞ አንድ አጭር ፋይል እዚያ ገልብጦ ሞክሮበት ነበር። የሙሽሮቹን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚጽፍ በ«A» የሚጀምረው አንሙት ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል፤ ለሙከራም የወሰደው ከእሱ ነው። ያ ፋይል ከነድምፁ ተቀምጧል።

ጠርቶኝ አብረን ሰማነው። ካሜራው ሳይጠፋ ወርዶ የቀረጸው ነው፤ ምንጣፍና የሰው ጫማ ብቻ ያሳያል። «እምዬ፣ ነይ እስኪ፣ ከረባቴን አስተካክይልኝ» ይላል አንሙት። እናቱ «አንድ ጉርሻ ብቻ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልቀመስክም» ይላሉ። ደጋግመው ይለምኑታል። ከዚያ እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «በቃ ተይኝ፤ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ» ይላል። እዚያ ላይ ያበቃል።

ምስጋናው አቀረቀረ። ከዚያ በጥቁሩ መስኮት ትእዛዝ ጽፎ ከከረባቱ በኋላ ያለውን ቆረጠና ሌላ ፋይል አወጣ። ለእናት ደግ ነገር ብቻ ይድረሳት አለ። እኔም ልክ ነህ አልኩት።

እማማ ታየች በቀጠሯቸው መጡ። ምስጋናው የቆረጠውን ከፈተላቸው። አንሙት «እምዬ፣ ነይ እስኪ» ሲል እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሲያልቅ ወደ ምስጋናው ዞሩ።

«ቀጥሎ ያለኝስ?»

«እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው፣ እማማ።»

«አያልቅም። ላጎርሰው ስል አታሳፍሪኝ ብሎኛል። የሙሽሪት ዘመዶች ሁሉ ሰምተውታል።»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ቆረጥኩት» አለ ምስጋናው።

«አንተ ምን አገባህ?» አሉት፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ማታ ሰው ሲበተን ጉልበቴን ስሞ ይቅርታ ጠይቆኛል። ያን ጊዜ ካሜራህ አልነበረም። ያንን የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ። ቁጣውን ካጠፋህብኝ ይቅርታው የምን ይቅርታ ሊሆን ነው?»

ያልተቆረጠውን ግን ምስጋናው አላጠፋውም ነበር፤ አንዴ ተቃጥሏል። እማማ በያዙት ስልክ ላይም በፍላሹም ላይ ጫነላቸው፤ ለራሱም በሁለቱም ዲስክ አስቀመጠ። ከዚያ ስልኩን ከፍቶ ሰጣቸው።

ጉርሻውን ይዘው ሲለምኑ የገዛ ድምፃቸውን ሰሙ። ቀጥሎ አንሙት ተቆጣ። «በቃ ተይኝ፤ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ።»

እማማ ታየች ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«እሺ የኔ ጌታ» አሉት፤ «ትቼሃለሁ።»