ሾፌሩ ሳጊንባይና የተመለሰው አውሮፕላን

አውሮፕላኑ ሳሪ ታላ ላይ ዳግመኛ ባረፈበት ቀን ሾፌሩ ሳጊንባይ ከመናኸሪያው ንቅንቅ አላለም። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወደ ማረፊያው ወርዷል። ሽማግሌዎቹ ነጭ ባርኔጣቸውን ደፍተዋል፣ ተማሪዎቹ ባንዲራ ይዘዋል፣ ሹማምንቱም ከዋና ከተማው ከቢሽኬክ ድረስ መጥተዋል። እሱ የመኪናው ኮፈን ላይ ተደግፎ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል፤ ገለባውን ወደ ማረፊያው አቅጣጫ እንትፍ ይላል።

«ሄደህ አታይም እንዴ?» አለው ቱራት፣ አብሮት ተራ የሚጠብቅ ወጣት ሾፌር።

«ምኑን? ቀባሪዬን?»

«ሙዚቃ አለ። በግ ታርዷል፣ ሥጋም ያበላሉ አሉ።»

«ሂድና ብላ። የራሱን የአርባ ቀን ድግስ በልቶ የሚመለስ የመጀመሪያው ሾፌር ትሆናለህ።»

ሳጊንባይ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ እዚያው ማረፊያ የእሳት አደጋ መኪና ይነዳ ነበር። ያኔ ሶቪየት ኅብረት ነበረች፤ ባለ ድርብ ክንፏ ትንሽ አውሮፕላን በየቀኑ ትመጣለች፣ ሕዝቡም እንደ አውቶቡስ ይሳፈርባታል። ከዚያ አገር ፈረሰ፣ ነዳጅ ጠፋ፣ አውሮፕላኗም እንደወጣች ቀረች። የማረፊያው ኃላፊ የሕንፃውን መስኮት ሳይቀር ነቅሎ ሸጠ። ላሞች መንደርደሪያው ላይ ይግጡ ጀመር። ሳጊንባይ የሚስቱን ጌጥና ሁለት ፈረሱን ሸጦ አሮጌ መኪና ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ ኑሮው ቦዝ ቤል የተባለውን የተራራ በር እያቋረጡ ወደ ዋና ከተማው መመላለስ ሆነ።

ሙሽራ ጭኗል፣ ወታደር ጭኗል፣ ሬሳ ጭኗል። ሁለት ሴቶች የኋላ ወንበሩ ላይ ወልደዋል። ከተማው ያለ እሱ አይሆንለትም፣ እሱን ግን አይወድም። በረዶ በጣለ ቁጥር ዋጋ ይጨምራል፤ መስኮት ዘግቶ ያጨሳል፤ «አይሆንም» ካለም አባት ቢያስታርቅ፣ መቃብር ቢከፈት ቃሉን አያጥፍም።

ከሁሉ አብልጣ የምትጠላው ገበያ ውስጥ ዱቄት የምትሸጠው ቡሩልቻ ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በጥር ቁር፣ የባሏ የጃንቦሎት ትርፍ አንጀት ፈነዳ። ሐኪሞቹ ቢሽኬክ ካልደረሰ አይተርፍም አሏት። ጎህ ሲቀድ ሳጊንባይ ደጅ ሄዳ በረዶው ላይ ተንበረከከች። እሱ ተራራውን ቀና ብሎ አየና «አይሆንም» አላት። ሌሎች ሁለት ሾፌሮችም እምቢ ብለው ነበር፤ የእነሱን ስም ግን ማንም አያነሳም። ጃንቦሎት በማግስቱ ሞተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡሩልቻ በሄደችበት ሁሉ «ባሌን የገደለው» እያለች ነው የምትጠራው። የአገሬው ሴት በዕድሜ የሚበልጣትን ወንድ «ባይኬ»፣ ማለትም ወንድም ጋሼ፣ ሳትለው አትጠራም። እሷ ሳጊንባይን ይህን ቃል ነፍጋዋለች።

አውሮፕላኑንም ያመጣችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞረች ፊርማ አሰባስባ፣ በሚኒስቴሩ ደጅ ቆማ ተሟግታለች። ስለዚህ በምረቃው ቀን ማይክሮፎኑን ሰጧት። ድምፅ ማጉያው ንግግሯን መናኸሪያው ድረስ አደረሰው።

«ከእንግዲህ ሳሪ ታላ ውስጥ የሾፌር ጫማ የሚስም ሰው የለም! ሳጊንባይ፣ ትሰማለህ?»

ሕዝቡ በሳቅ አውካካ፤ ጭብጨባውም ቀጠለ። ሳጊንባይ በእጁ የቀረውን ፍሬ መሬት ላይ በትኖ መኪናው ውስጥ ገባና በሩን ደረገመው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር አያስፈልግም። በጋው ሳያልቅ መናኸሪያው ጭር አለ። ተማሪዎች ሲያልፉ እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው እየጮሁ ይዞሩታል። ቀድሞ «እባክህ ባይኬ፣ አንድ ቦታ» እያሉ ሲለማመጡት የነበሩ ሁሉ «ድንች ጫንበት እንጂ» እያሉ ያላግጡበታል። ሾፌሮቹ አንድ በአንድ መኪናቸውን ሸጡ። ቱራት ሩሲያ ገባ። የማረፊያው አዲሱ ኃላፊ፣ ገና ጢሙን በወጉ ያላበቀለ ልጅ፣ መጥቶ የእሳት አደጋ መኪናው ሾፌር አጥቷልና ብትመለስልን አለው።

«እሳት ቢነሳ ቤንዚን ነው የማርከፈክፍበት» አለው ሳጊንባይ። «ይህ ከተስማማህ ነገ ልጀምር።»

ልጁ ፊቱ ቀልቶ ሄደ። የሳጊንባይ ሚስት ቶክቶካን ይህን ስትሰማ «ደሞዝ እኮ ነው፣ አንተ ግትር! ኩራትህን ቀቅዬ ላብላህ?» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው።

ታኅሣሥ ላይ ደመና ሸለቆው ላይ ተኝቶ አልነሳም አለ። አውሮፕላኑ መጥቶ ከላይ ያንዣብብና ሳያርፍ ይመለሳል። በዚያው ሰሞን የቡሩልቻ ታላቅ እህት ቢሽኬክ ውስጥ ሞተች። ቡሩልቻ ጥቁር ነጠላ ጣል አድርጋ ማረፊያው ውስጥ ሁለት ቀን ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ቀብሩ አንድ ቀን ሲቀረው፣ መናኸሪያው መጣች። የቆመችው መኪና አንዲት ብቻ ናት።

«የተራራው በር ክፍት ነው?» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ።

«አውሮፕላንሽን ጠይቂው።»

«እህቴ ሞታለች። እኔን ሲጠብቁ ነው የቆዩት፤ ነገ ግን ይቀብሯታል።»

ሳጊንባይ ሲጋራውን ጥሎ ረገጠው። «ከኋላ ግቢ።»

«ከኋላ ያስመልሰኛል።»

«እንግዲያው ከፊት ሁኚ። አፍሽን ግን ዝጊ።»

«የኔን አፍ የምትዘጋ አንተ ማነህ?»

ተራራው ግርጌ ደረሱ። እሱ በረዶው እንዳያንሸራትተው ጎማው ላይ ሰንሰለት ሲያስር እሷ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠች ሽቅብ ሽቅብ ታያለች። ዳገቱን ሲጀምሩ ግን አፏን ከፈተች።

«ያኔም በረዶው ይሄንኑ ያህል ነበር።»

«የበለጠ ነበር።»

«በአንተ አፍ ነው የበለጠው።»

«ያን ቀን የበረዶ ናዳ መንገዱን አልቀበረውም? እኔ ነኝ የቀበርኩት?»

«ናዳው የወረደው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ደጅህ የመጣሁት ጎህ ሲቀድ።»

«ወጥቼ ቢሆን ከዚህ ገደል የሚለቀመው ሬሳ ሁለት ይሆን ነበር!»

«ሦስት ይሁን! እኔም አብሬ ነበርኩ፣ ሦስት ይሁን!» መኪናው ውስጥ ጮኸች። «ቢያንስ ሞክሯል እል ነበር። አንተ ግን ቁልፉን እንኳ ከኪስህ አላወጣህም።»

ሳጊንባይ ሬዲዮ ከፈተ። ሬዲዮው ከመንሾካሾክ በቀር የሚለው አልነበረውም፤ ቢሆንም አላጠፋውም።

ጫፉ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ነፋስ የቆለለው በረዶ ውስጥ መኪናው ተቀረቀረ። አካፋው አንድ ብቻ ነው። እሱ ጥቂት ቆፍሮ ሳል ሲይዘው ከእጁ መንጭቃ ወሰደችው። የዱቄት ጆንያ ያፈረጠመው ክንዷ በረዶውን እንደ ጭድ ይዝቀው ጀመር። አንዴ እሱ፣ አንዴ እሷ፣ እየተሰዳደቡ መንገድ አወጡ። መኪናው ከጉድጓዱ ሲወጣ ግን የኋላ እግሩ ከዳውና ወደ ገደሉ ይንሸራተት ጀመር። ሳጊንባይ ፍሬኑን አልነካም። መሪውን ቀስ፣ ቀስ እያለ መለሰውና ከጫፉ አራቀው። ሲቆሙ ቡሩልቻ እጆቹን አየች። እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣሉ።

«ትፈራለህ» አለች።

«በየቀኑ!» አላት በቁጣ። «በየቀኑ እፈራለሁ። አልፈራም የሚል ሾፌር ነው የምትፈልጊው? ሂጂ፣ ከታች ሞልተውልሻል፣ ገደሉ ውስጥ።»

እጁ እስኪረጋጋ ጠበቀችና «ንዳ» አለችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሟቿ ቤት ደረሱ። ግቢው ውስጥ ነጭ የሐዘን ድንኳን ተተክሏል፤ በደጁ የቤቱ ወንዶች በትር ተደግፈው ተደርድረዋል። ሳጊንባይ አውርዷት ሊሄድ ነበር ያሰበው። ነገር ግን ወንዶቹ ሁሉ አዩት። ከሐዘንተኛ ጋር ለቅሶ ቤት ደርሶ ድምፁን ሳያሰማ የሚመለስ ወንድ ሟችን እንደ ሰደበ ይቆጠራል። ሳጊንባይ በሆዱ እየተራገመ ከመኪናው ወረደ።

«ወይኔ እህቴ!» ብሎ ጮኸ፣ ወደ ድንኳኑ እየሮጠ። «ወይኔ መከታዬ፣ ወይኔ!»

ለእናቱ ሞት እንኳ እንባ ያልወጣው ሰውዬ ነው። ድምፁ መጀመሪያ ደረቅ ነበር፤ ከዚያ ግን ምን እንደነካው አላወቀም፣ ከሆዱ ይወጣ ጀመር። ማንን እንደሚያለቅስ እሱም አያውቀውም። አንዱ ሽማግሌ ደግፎ አስቀመጠው። ቡሩልቻ ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹን አቅፋ ስታለቅስ ይህን ድምፅ ሰማች፤ የማን እንደሆነም ለየችው።

ሥጋ አቀረቡለት፤ በላ፣ ዱዓ አደረገ፣ ወዲያው ተነሳ። ቡሩልቻ ፊቷ አብጦ ደጁ ድረስ ተከተለችው።

«ጩህልኝ ብሎ ማን ለመነህ?»

«ወጉ ነው።»

«ለጃንቦሎትም ወጉ ነበር። አልመጣህም።»

«ብመጣ በድንጋይ ትወግሪኝ ነበር።»

«አዎ፣ እወግርህ ነበር» አለች። ቀጥላም «ስመለስ በአውሮፕላን ነው» አለችው።

«ደመናው ከፈቀደልሽ።»

«ይፈቅዳል። አትጠብቀኝ።»

«ማን ይጠብቅሻል?» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

እውነትም ሳምንት ሳይሞላ ሰማዩ ጠራ፣ በአውሮፕላንም ተመለሰች። በጸደይ በረራው ተጨመረ። ሳጊንባይ የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ በግ፣ ቁም ሳጥን፣ የሙሽራ ፍራሽ ይጭን ገባ፤ አልፎ አልፎም መብረር የሚፈሩ አሮጊቶች ከጭነቱ መሐል ይቀመጡለታል። ከተማው ዛሬም አይወደውም። የማረፊያው ልጅ ሌላ ሾፌር አገኘ።

ቡሩልቻና እሱ ገበያ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ቢጋፉ እንኳ ሰላም አይባባሉም። አንድ ቀን ግን የሥጋ ሻጩ ሚስት፣ ወሬ ማመላለስ ሥራዋ ነውና፣ መኪናው ድረስ መጣችለት።

«ባይኬ፣ እትዬ ቡሩልቻ ስለ አንተ ምን እንደምትል ታውቃለህ? ‹ባሌን የገደለው› ማለቱን ትታለች። አሁን ‹ያ ሌባ› ብቻ ነው የምትልህ።»

ሳጊንባይ በጉን በቀንዱ ጎትቶ ወደ መኪናው እያስገባ ነበር። ቀና አላለም።

«ሹመት ነው» አለ። «በያት፣ ሚዛኗን ግን ታስተካክል፤ ሌባስ እሷ ናት።»

ዱቄቱን ዛሬም የሚገዛው ከሌላ ሱቅ ነው።