ጦይባ ደሴ ያልሄደችበት ቀን

ስለ ጦይባ ሲወራ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ እወጣለሁ። ሰው ሐዘኑ ያልወጣልኝ መስሎት ዝም ይለኛል። እውነቱን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። አሁን ለእናንተ የምነግራችሁ ደፍሬ አይደለም፤ መደበቂያ ስላጣሁ ነው።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ትንሽ ክሊኒክ አለችኝ። ትምህርቴ የጤና መኮንንነት ነው፤ ሰው ግን ዶክተር ይለኛል፣ እኔም አንድ ቀን አይደለሁም ብዬ አርሜ አላውቅም። ጦይባ ከሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበሰች ለመንገደኛ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ልጆቿን ሁሉ ያከምኩት እኔ ነኝ። ባሏን እንድሪስን ወገቡን ሲይዘው፣ ጎረቤቷ ሲታመም ሳይቀር ይዛ የምትመጣው ወደ እኔ ነበር። "የኔ ዶክተር" ትለኛለች። እንዲህ ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከሚገባው በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

ጡቷ ላይ እብጠት ሲወጣ ደሴ የላክኋት እኔው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ እንድታመሰግኑኝ አይደለም። ምን ማድረግ እንዳለብኝ የማውቅ ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁት ነው።

ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ከዚያም በየሦስት ሳምንቱ ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት በደም ሥሯ መውሰድ ጀመረች። ከደሴ በተመለሰች ቁጥር ክሊኒኬ ጎራ ብላ ታወራልኛለች። የቀዶ ሕክምናው ሐኪም እጁ እንዴት ቀላል እንደሆነ፣ ናሙናዋን በማይክሮስኮፕ ያየው ሰው መልኳን እንኳ ሳያይ በሽታዋን እንዴት እንደለየ፣ መድኃኒቱን የምትሰጣት ሲስተር እንዴት ተጫዋች እንደሆነች። ከሁሉም በላይ ደግሞ የካንሰር ሐኪሟ፣ ታናሽ እህቴን የምታክል ወጣት ሴት። እነዚህ ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ከበው ስለ እሷ እንደሚመክሩ ጦይባ እየሳቀች ነገረችኝ፤ ስለ አንዲት ዓሣ ጠባሽ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አንድ ቀን "የኔ ዶክተር" ብላ ስትጀምር ቀና አልኩ። ስለ እኔ አልነበረም። ባል በሚስቱ ይቀናል፤ እኔ በበሽተኛዬ ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም፣ ቅናት ነው።

ያቺው የካንሰር ሐኪም አንድ ቀን ስልክ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ እኛ ሩቅ ነን፣ ቅርቧ እርስዎ ነዎት" አለችኝ። "መድኃኒቱ የሰውነቷን መከላከያ ያደክመዋል። ትኩሳቷ ከሠላሳ ስምንት ካለፈ ሌላ ነገር ሳይጀምሩ በዚያው ሰዓት ይላኩልኝ።" እሺ አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ግን በገንኩ። የሙቀት መለኪያ ያዥ ልታደርገኝ ነው? ዛሬ ሳስበው ከዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ለእኔም ቦታ እየለቀቀችልኝ ነበር። እኔ ግን እንደ ስድብ ቆጠርኩት።

መስከረም ነበር፤ የግሸን ተጓዥ መንገዱን የሚሞላበት ሰሞን። ጦይባ በጠዋት ብቻዋን መጣች፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ አውርዳ፣ እየተንቀጠቀጠች። ለካኋት። ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስድስት።

"ሲስተሯ ትኩሳት ካየሽ ቤትሽ እንዳትቀመጪ ብላኝ ነበር" አለችኝ። "ደሴ ልሂድ ወይስ አንተው ታየኛለህ?"

ስንት ወር ሙሉ የጠበቅሁት ይህን ጥያቄ ነበር። ከእነሱ አስቀድማ እኔን መጠየቋን።

"ለዚች ለዚች ምን ያንከራትትሻል? ዛሬ ደግሞ መኪናው ሁሉ የግሸን ነው" አልኳት።

"አንተ ካልክ ደግ። አላህ ይስጥህ።"

ይህን ስትለኝ ከክሊኒኬ በር ፊት ለፊት አንድ ሚኒባስ ቆሞ ደሴ፣ ደሴ እየተባለ ሰው ይጠራበት ነበር። ሰምቼዋለሁ። ደሴ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። የሚዋጥ መድኃኒትና ማስታገሻ ሰጥቼ ወደ ቤቷ ሸኘኋት። መዝገቡ ላይ ሠላሳ ሰባት ነጥብ አምስት ብዬ ጻፍኩ። እጄ ተሳስቶ ነው እንዳልላችሁ፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት። አደጋውን ካላወቅሁ ቁጥሩን ለምን ቀነስኩት?

ማስታገሻው ትኩሳቱን አወረደላት። በማግስቱ ተሽሎኛል ብላ ላከችብኝ፣ እኔም ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ራሷን ስታ ተሸክመው ደሴ ወሰዷት። ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቶ ነበር። በሕይወት አልተመለሰችም። ሐኪሟ ደወለችልኝ፤ ቁጥሯን አይቼ አላነሳሁም።

ለቅሶው ላይ እንድሪስ ከጎኑ አስቀመጠኝ። "እሱ መድኃኒት ሰጥቷት ተሽሏት ነበር። የደሴው መርፌ ነው የበላት" አለ ለሰዉ ሁሉ። እኔም ልክ ነው እንደሚል ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈው። ባለፈው ሳምንት የጦይባ ልጅ ፋጡማ ክሊኒኬ መጣች። እናቷ በነበረባት በዚያው በኩል፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ እብጠት አለባት። ዛሬውኑ ደሴ ሂጂ አልኳት።

"እናቴን የገደሏት ዘንድ አልሄድም" አለችኝ። "ካንቱ በቀር የማምነው የለኝም። አንቱው አክሙኝ።"

ያን ሁሉ ቅናት የቀናሁት ይህን ለመስማት አልነበረም? ሰማሁት።

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እምቢ አለች። ስለዚህ ነገ ጠዋት መዝገቡን ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ፤ እስከዚህ ድረስ የጻፍኩትንም ለአባትና ለልጅ አነብላቸዋለሁ። እንድሪስ ያሻውን ያድርገኝ። ይቅር በሉኝ ግን አልልም። ይቅርታ ብለምናት ፋጡማ እንደ እናቷ ሆደ ቡቡ ናት፣ ታዝንልኛለች፤ ካዘነችልኝ ደግሞ መልሳ ታምነኛለች። እኔ የምፈልገው እንድትጠላኝ ነው። እንድትጠላኝ፣ ዳግመኛ በበሬ እንዳትገባ፣ ከበሬ ፊት ለፊት ከሚቆመው ሚኒባስ ላይ እንድትሳፈር።